«ሴይ» ወይስ «ቴል»? የሚምታቱ የእንግሊዝኛ ግሶችን ደረጃ በደረጃ መለየት

«ሴይ» እና «ቴል» ልዩነታቸው ምንድን ነው? «ሌንድ» እና «ቦሮው»ስ? «ሜክ» እና «ዱ»ስ? እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ሲያገኘኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ያንኑ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ የሚጠይቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልላከው።

ብዙ ሰው «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብሎ ይጀምርና እዚያው ይቀራል። መዝገበ ቃላት ሲገልጥ ለሁለቱም ያው አንድ የአማርኛ ግስ ያገኛል። «ታዲያ ልዩነቱ የታለ?» ይላል። ልዩነቱን የምታገኙት ከግሱ ግራና ቀኝ ነው። ማን አደረገው? ከግሱ ቀጥሎ ምን መጣ? ነገሩ ወዴት ሄደ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ የለመደ ሰው አዲስ ጥንድ በመጣ ቁጥር ወደ ሰው አይሮጥም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ደብተርና እርሳስ። የስልክ ማስታወሻም ይሆናል።
- ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ የሆነ መዝገበ ቃላት። የኦክስፎርድ፣ የካምብሪጅና የሎንግማን ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ወደ አማርኛ የሚተረጉመው ብቻውን አይበቃም፤ ትርጉሙን ይሰጣችኋል እንጂ ግሱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ብዙ ጊዜ አያሳይም።
- ራሳችሁ በእንግሊዝኛ የጻፋችሁት ነገር። መልእክት ይሁን፣ ኢሜይል ይሁን፣ የክፍል ድርሰት ይሁን፣ ግድ የለም።
- በቀን ሩብ ሰዓት።

እንግሊዝኛውን እዚህ በፊደላችን ነው የጻፍኩት። አጻጻፉን ራሳችሁ ከመዝገበ ቃላቱ አውጥታችሁ ደብተራችሁ ላይ አስፍሩት። ስትፈልጉ ምሳሌዎቹንም ማየታችሁ አይቀርም፣ የምፈልገውም እሱን ነው።

ደረጃ 1፦ የራሳችሁን ስህተት ሰብስቡ

«የሚምታቱ መቶ ግሶች» የሚል ዝርዝር አውርዳችሁ አትጀምሩ። የጻፋችሁትን አውጡና ግሶቹ ላይ ብቻ አስምሩ። ከዚያ «እዚህ ጋ የቱ ነበር?» ብላችሁ ያመነታችሁባቸውን ለዩ። ግሱን ብቻውን አትገልብጡት፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ገልብጡ።

ምክንያቱም ግሱ ብቻውን ሲሆን ምንም አይናገርም። «ሴድ» ትክክለኛ ቃል ነው። ስህተት የሚሆነው «ሂ ሴድ ሚ» ሲባል ነው። «ሚ»ን ቆርጣችሁ ከጣላችኋት ማስረጃው አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ለመጀመሪያው ሳምንት አምስት ወይም ስድስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ከሥሩ ያለውን የአማርኛ ግስ አውጡት

ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥር በአማርኛ ምን ልትሉ እንደነበር ጻፉ። አፍ ላይ እንደሚመጣው ጻፉት፣ አታሳምሩት። ስህተቱን የሚጎትተው ብዙ ጊዜ ይህ ግስ ነው፤ ካላያችሁት ነገም ያንኑ ይጎትታል።

«ሂ ሴድ ሚ»ን እንውሰድ። ከሥሩ «አለኝ» ነው ያለው። አማርኛ «አለ» ላይ «ኝ»ን ለጥፎ ያልፋል። እንግሊዝኛው «ሴይ» ግን ሰውን በቀጥታ አይቀበልም። ከተባለው ነገር ጋር ነው የሚሄደው። ሰውየውን ማንሳት ግድ ከሆነ «ቱ» መሃል መግባት አለባት፤ «ሂ ሴድ ቱ ሚ»። «ቴል» ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ የተነገረው ሰው ወዲያው እንዲመጣለት ይፈልጋል፤ «ሂ ቶልድ ሚ»።

ደስ የሚለው፣ አራቱም የንግግር ግሶች አማርኛ ውስጥ ተራ በተራ አሉን። «አለ» ወደ «ሴይ»፣ «ነገረ» ወደ «ቴል»፣ «ተናገረ» ወደ «ስፒክ»፣ «አወራ» ወደ «ቶክ» ይሄዳል። «ነገረኝ» ብላችሁ ካሰባችሁ «ቶልድ ሚ» ራሱ ይመጣል። ችግር የምትፈጥረው «አለኝ» ብቻ ናት። እሷ በመጣች ቁጥር «ነገረኝ» ብሎ መቀየር ነው፣ በቃ።

ሁለት ነገር እዚሁ ያዙ። ቋንቋ ሲሆን ሁልጊዜ «ስፒክ» ነው፤ «አይ ቶክ እንግሊሽ» አይባልም። «ቴል» ደግሞ ሰው ሳይከተለው የሚቆምባቸው ጥቂት የተለመዱ አባባሎች አሉት፤ እውነት መናገር፣ ውሸት መናገር፣ ተረት መንገር፣ ሰዓት አይቶ መናገር። አራቱም በ«ቴል» ነው።

አማርኛ ውስጥ አንድ ሆነው እንግሊዝኛ ላይ ሲደርሱ ለሁለት የሚከፈሉትን ለይታችሁ አስፍሩ፤ የቀሩት ደረጃዎች ላይ ይመለሳሉ። «ጠበቀ» አንዴ «ዌይት» አንዴ «ኤክስፔክት» ነው። «አስታወሰ» አንዴ «ሪሜምበር» አንዴ «ሪማይንድ» ነው። «አሸነፈ» አንዴ «ዊን» አንዴ «ቢት» ነው። «ተጫወተ» ደግሞ አንዴ «ፕሌይ» አንዴ «ቶክ» ወይም «ቻት» ነው። ይቺ የመጨረሻዋ ብዙ ታስቃለች። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቁጭ ብለው ሲያወጉ አመሹና በማግስቱ አንዱ «ዊ ፕሌይድ ኦል ኢቭኒንግ» ብሎ ጻፈ። አንባቢው ኳስ ነው ወይስ ካርታ ብሎ ይጠይቃል።

ደረጃ 3፦ ከግሱ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እዩ

እዚህ ላይ መዝገበ ቃላቱን ክፈቱ። ከግሱ አጠገብ በቅንፍ ምልክት አለ። ካምብሪጅ «ቲ» ወይም «አይ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ያስቀምጣል፤ ኦክስፎርድ ድረ ገጹ ላይ «ትራንዚቲቭ» ወይም «ኢንትራንዚቲቭ» ብሎ ሙሉውን ይጽፋል። የመጀመሪያው ግሱ ተቀባይ፣ ድርጊቱ የሚያርፍበት ሰው ወይም ነገር፣ ይፈልጋል ማለት ነው። ሁለተኛው አይፈልግም። ብዙ ሰው ይህን ምልክት ዘሎ ወደ ትርጉሙ ይሮጣል፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ቅንፍ ውስጥ ነው።

ተቀባይ ከፈለገ ቀጥሎ «ምን ዓይነት ተቀባይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ዊን» እና «ቢት»። ከ«ዊን» ቀጥሎ ጨዋታው፣ ዋንጫው፣ ሽልማቱ ወይም ምርጫው ይመጣል። ከ«ቢት» ቀጥሎ ተሸናፊው ይመጣል። «አሸነፍናቸው» ለማለት «ዊ ዎን ዘም» ካላችሁ፣ እነሱን ራሳቸውን ሽልማት አድርገን ወሰድናቸው እንደማለት ነው። ትክክሉ «ዊ ቢት ዘም» ነው። «ቢት» ያለፈ ጊዜውም ያው «ቢት» ነው፤ «ቢትድ» አትበሉ።

«ስቲል» እና «ሮብ»። ከ«ስቲል» ቀጥሎ የተወሰደው ዕቃ፣ ከ«ሮብ» ቀጥሎ የተዘረፈው ሰው ወይም ቦታ ይመጣል። በአማርኛ «ስልኬን ሰረቁኝ» ስንል ስልኩም እኔም አንድ ላይ ገብተናል፤ ከዚያ «ዘይ ስቶል ሚ» ይወጣል። ይህ ግን እኔኑ ሰርቀው ወሰዱኝ ነው የሚለው። «ዘይ ስቶል ማይ ፎን» በሉ።

«ዌይት» እና «ኤክስፔክት»። «ዌይት» ሰው ሲከተለው «ፎር»ን ይፈልጋል፤ «አይም ዌይቲንግ ፎር ዩ»። «ኤክስፔክት» በቀጥታ ይቀበላል። ትርጉሙም ይለያል። «ዌይት» ስትሉ ጊዜ እያጠፋችሁ ቆማችኋል። «ኤክስፔክት» ስትሉ ይመጣል ብላችሁ ታስባላችሁ፤ ሥራችሁን እየሠራችሁም ሊሆን ይችላል። «ሆፕ» የሚለውንም ከእነሱ ጋር የሚቀላቅል አለ፤ እሱ እንዲሆን መመኘት ነው፣ ይሁን አይሁን ሳይታወቅ።

«ሪች» እና «አራይቭ»። ሁለቱም «ደረሰ» ናቸው። «ሪች» ቦታውን በቀጥታ ይቀበላል። «አራይቭ» ለከተማና ለአገር «ኢን»ን፣ ለሕንጻ፣ ለጣቢያና ለመሳሰለው «አት»ን ይፈልጋል። «አራይቭ ቱ» የሚባል የለም። «ቤት ደረስኩ» ሲሆን ግን ምንም ሳይገባ «አራይቭድ ሆም» ይባላል።

«ራይዝ» እና «ሬይዝ»። እነዚህ «ተነሳ» እና «አነሳ» ናቸው። አማርኛ መነሻው ላይ «ተ» እና «አ» ቀይሮ የሚለየውን እንግሊዝኛ ድምፁን ቀይሮ ይለየዋል። ፀሐይ በራሷ ትወጣለች፣ «ራይዝ»። ዋጋ በራሱ ሲጨምር «ራይዝ»፤ ነጋዴው ሲጨምረው «ሬይዝ»። እጅ ስታወጡ «ሬይዝ» ነው፣ ምክንያቱም የምታነሱት እናንተ ናችሁ።

ደረጃ 4፦ ባለቤቱን ፈትሹ

ይህን ደረጃ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከሌሎቹ ሁሉ የሚያስቸግረው እሱ ነው፤ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ አታገኙትም፣ መጽሐፉ ለእኛ ተብሎ አልተጻፈማ።

አማርኛ ውስጥ ስሜትና ገጠመኝ በእኛ ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ራበኝ፣ ደከመኝ፣ ናፈቀኝ፣ ጠፋብኝ፣ አመለጠኝ፣ ትዝ አለኝ። የግሱ ባለቤት ሌላ ነው፤ እኔ መጨረሻ ላይ «ኝ» ሆኜ ተለጥፌ እገኛለሁ። እንግሊዝኛ እነዚህኑ ሲናገር እኔን አውጥቶ ፊት ያስቀምጠኛል።

«ናፈቅሽኝ»ን ቃል በቃል ስትገለብጡት «ዩ ሚስድ ሚ» ይሆናል፣ ምክንያቱም የግሱ ባለቤት «አንቺ» ነሽ። ስትሰማው ግን የምትረዳው «እኔ ናፍቄሽ ነበር» የሚለውን ነው። መልእክቱ ሙሉ በሙሉ ተገልብጧል፤ ሰዋስው ላይ ግን ምንም ስህተት ስለሌለበት የሚያርማችሁም አታገኙም። እሷም «እንዴት አወቅክ?» ብላ ልትመልስ ትችላለች። ትክክሉ «አይ ሚስ ዩ» ነው።

አሠራሩ ይህ ነው፦

ሀ. በደረጃ 2 የጻፋችሁትን አማርኛ አውጡና መጨረሻው ላይ «ኝ» ወይም «ብኝ» ካለ ክበቡት።

ለ. «ይህን ያደረገብኝ በእርግጥ አድራጊ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። «መታኝ» ላይ አድራጊ አለ፣ ስለዚህ «ኝ» እንግሊዝኛውም ላይ «ሚ» ሆና ትቀራለች። «ጠፋብኝ» ላይ ቁልፉ ሆን ብሎ ያደረገው ነገር የለም።

ሐ. አድራጊ ከሌለ «አይ»ን ፊት አምጡ። «ቁልፌ ጠፋብኝ» «አይ ሎስት ማይ ኪይ» ይሆናል። «አውቶቡሱ አመለጠኝ» «አይ ሚስድ ዘ ባስ» ይሆናል።

«ሉዝ» እና «ሚስ»ም እዚህ ላይ ይለያሉ። የነበራችሁና አሁን የሌላችሁ ነገር «ሉዝ» ነው፤ ቁልፍ፣ ገንዘብ፣ ሥራ፣ ክብደት፣ ጨዋታ። በሰዓቱ ያልደረሳችሁበት ወይም አጠገባችሁ ስለሌለ የከፋችሁ ነገር «ሚስ» ነው፤ አውቶቡስ፣ ክፍለ ጊዜ፣ ዕድል፣ ሰው። «አይ ሎስት ዘ ክላስ» ካላችሁ ክፍሉ የት እንደገባ እየፈለጋችሁ ነው ማለት ነው። አጻጻፉ ላይም ተጠንቀቁ፤ «ሉዝ» በአንድ «ኦ» ነው የሚጻፈው። በሁለት «ኦ» ከጻፋችሁት «ሉስ» ተብሎ የሚነበብ ሌላ ቃል ይሆናል፣ ላላ ያለ ማለት ነው።

«ሪሜምበር» እና «ሪማይንድ»ም በዚሁ ይፈታሉ። «ትዝ አለኝ» እና «አስታወስኩ» ሁለቱም እኔው ጭንቅላት ውስጥ የሆኑ ናቸው፤ «አይ ሪሜምበርድ»። «አስታወሰኝ» ላይ ግን ሌላ ሰው አለ፤ እሱ አድራጊ ነው፣ እኔ ተቀባይ ነኝ፤ «ሂ ሪማይንድድ ሚ»። ስለዚህ «አስታውሰኝ» ማለት «ሪማይንድ ሚ» ነው። «ሪሜምበር ሚ» ካላችሁ «እንዳትረሳኝ» ብላችሁ መሰናበታችሁ ነው።

ደረጃ 5፦ ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ ተከተሉ

አንዳንድ ጥንዶች የሚለያዩት በአቅጣጫ ብቻ ነው። «አዋሰ» እና «ተዋሰ»፣ «አበደረ» እና «ተበደረ» አንድ ሥር አላቸው። እንግሊዝኛ ለሁለቱ ጭራሽ የማይመሳሰሉ ቃላት ስላሉት የትኛው የቱ እንደሆነ ይጠፋናል።

ደብተራችሁ ላይ ሰው ሳሉና ከእሱ የሚወጣ ቀስት አድርጉ፤ ቀስቱ ላይ «ሌንድ» ብላችሁ ጻፉ። ሌላ ሰው ሳሉና ወደ እሱ የሚገባ ቀስት አድርጉ፤ እዚህኛው ላይ «ቦሮው»። አሁን የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ከሥዕሉ ላይ አስቀምጡት። «ካን ዩ ሌንድ ሚ ዮር ፔን?» ሲሆን ባለቤቱ «ዩ» ነው፣ ብዕሩ ከእሱ ይወጣል። «ካን አይ ቦሮው ዮር ፔን?» ሲሆን ባለቤቱ «አይ» ነው፣ ብዕሩ ወደ እኔ ይገባል። «ቦሮው ሚ ዮር ፔን» መደበኛው እንግሊዝኛ ውስጥ የለም። ከ«ሌንድ» ጋር «ቱ»፣ ከ«ቦሮው» ጋር «ፍሮም» እንደሚሄድም ቀስቱ ራሱ ይነግራችኋል።

«ቲች» እና «ለርን» በዚሁ ሥዕል ይሠራሉ። «ሂ ለርንድ ሚ» አይባልም። «ሬንት» ግን አንዱ ቃል ለማከራየትም ለመከራየትም ያገለግላል። ማከራየቱን ግልጽ ማድረግ ስትፈልጉ «ሬንት አውት» በሉ።

«ብሪንግ» እና «ቴክ» እንደ «አመጣ» እና «ወሰደ» ስለሆኑ ብዙም አያስቸግሩም። አንድ ቦታ ብቻ ልብ በሉ፦ ዕቃው ወደሚሰማችሁ ሰው የሚሄድ ከሆነም «ብሪንግ» ነው። ስልክ ላይ «ነገ አመጣልሃለሁ» እንደምትሉት ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ የተደረገ ነው ወይስ ያለ ነገር?

«ለብሻለሁ» ስትሉ ልብሱ ገላችሁ ላይ ነው። «ልልበስ» ስትሉ እጃችሁን እያስገባችሁ ነው። የመጀመሪያው «ዌር»፣ ሁለተኛው «ፑት ኦን» ነው። አማርኛ መነጽርና ጫማ «ያደርጋል»፣ ሰዓት «ያስራል»፣ ሽቶ «ይቀባል»። እንግሊዝኛ ለሁሉም «ዌር» ይበቃዋል። «ሺ ኢዝ ዱዊንግ ግላስስ» ያለ ሰው መነጽር እየሠራች ነው ያለ ይመስላል።

«ኖው» እና «ሚት»ም እንዲሁ ናቸው። ማወቅ የሚቆይ ነገር ነው። መተዋወቅ አንድ ቀን የሆነ ነገር ነው። «ትናንት ተዋወቅን» ለማለት «አይ ኒው ሂም የስተርደይ» አይሆንም፤ «አይ ሜት ሂም» ነው።

ከዚያ የማየትና የመስማት ግሶች። «ሲ» ዓይን ክፍት ስለሆነ ብቻ የሚመጣ ነው። «ሉክ» ዓይናችሁን ሆን ብላችሁ ስታዞሩ ነው፣ ነገሩ ሲጠቀስም «አት» ይከተለዋል። «ዋች» የሚንቀሳቀስ ወይም የሚለወጥ ነገርን ለተወሰነ ጊዜ መከታተል ነው። «ተመለከትኩ ግን ምንም አላየሁም» የሚለውን አስቡ፤ መጀመሪያው «ሉክ»፣ መጨረሻው «ሲ»። ቴሌቪዥን «ዋች» ነው። ፊልም ሲሆን «ሲ»ም «ዋች»ም ያስኬዳል፣ እዚያ ላይ አትጨነቁ።

«ሂር» እና «ሊስን» እንደ «ሲ» እና «ሉክ» ናቸው። ስልክ ላይ «እየሰማሁህ ነው» ስትሉ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ድምፅህ ይደርሰኛል ከሆነ «አይ ካን ሂር ዩ»፤ ልቤ አንተ ጋ ነው፣ ቀጥል ከሆነ «አይም ሊስኒንግ»። «አይም ሂሪንግ ዩ» በዚህ ቦታ አይሄድም። «ሲ» እና «ሂር» በዚህ ትርጉማቸው «ኢንግ» አይወዱም፤ «ካን» ይቀድማቸዋል።

ደረጃ 7፦ በሕግ የማይፈቱትን ከነጓደኛቸው ያዙ

«ሜክ» እና «ዱ» እዚህ ይገባሉ። ሕግ ፍለጋ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። አማርኛውም አይረዳችሁም፤ የቤት ሥራም «ሠራሁ»፣ ስህተትም «ሠራሁ» እንላለን፤ እንግሊዝኛው ግን የመጀመሪያውን «ዱ»፣ ሁለተኛውን «ሜክ» ይለዋል።

ግማሽ መንገድ የምታስኬድ ፍንጭ አለች። ስትጨርሱ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር ተፈጥሮ ከቀረ «ሜክ»፣ ሥራው ራሱ ከሆነ ጉዳዩ «ዱ»። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ከነስሙ መያዝ ነው፦

- «ሜክ»፦ ስህተት፣ ውሳኔ፣ ዕቅድ፣ ቃል መግባት፣ ጩኸት፣ ስልክ መደወል፣ ጥረት፣ እድገት፣ ገንዘብ ማግኘት፣ አልጋ ማንጠፍ።
- «ዱ»፦ የቤት ሥራ፣ የቤት ውስጥ ሥራ፣ ምርምር፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ውለታ፣ ጉዳት፣ የቻሉትን ያህል መጣር።

በዝርዝር አትሸምድዱት። «ሜክ ኤ ሚስቴክ» እንደ አንድ ቃል ይነገር፣ ሳይቆረጥ፣ በአንድ ትንፋሽ። ለየብቻ የተያዙ ቃላት ስትናገሩ የመገናኛ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ የምትሳሳቱትም እዚያ መሃል ላይ ነው።

«ክፈት» እና «ዝጋ»ም ከዚህ ይመደባሉ። ቲቪና ሙዚቃ «ኦፕን» አይደረጉም፤ «ተርን ኦን» ነው፣ ለሙዚቃ «ፕሌይ»ም ይሆናል። «ስልኩን ዘጋብኝ» ደግሞ «ሂ ሃንግ አፕ ኦን ሚ» ነው። ፈተና «ወሰድኩ» ስንል በአጋጣሚ ከእንግሊዝኛው ጋር ገጠምን፤ «ቴክ» ትክክል ነው።

ደረጃ 8፦ ሦስቱን የጊዜ ቅርጾች አንድ ላይ ጻፉ

ትርጉሙን የለየ ሰው እንኳ ያለፈ ጊዜ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ዋናዋ አስቸጋሪ ይቺ ናት፦

- «ላይ»፦ መጋደም። «ላይ»፣ «ሌይ»፣ «ሌይን»።
- «ሌይ»፦ ማስቀመጥ፣ ማጋደም። «ሌይ»፣ «ሌይድ»፣ «ሌይድ»።
- «ላይ»፦ መዋሸት። «ላይ»፣ «ላይድ»፣ «ላይድ»።

አያችሁት? የመጀመሪያው ያለፈ ጊዜ ከሁለተኛው የአሁን ጊዜ ጋር አንድ ነው። «ትናንት አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ» በትክክል ሲጻፍ «አይ ሌይ» ነው፤ «አይ ላይድ» ካላችሁ ዋሸሁ ብላችኋል። የሚለያቸው አሁንም ደረጃ 3 ነው፦ ተቀባይ አለ ወይስ የለም? እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ሰዎች ራሳቸው ሲናገሩ ይህን ያደባልቁታል፤ ዘፈን ውስጥም ትሰሙታላችሁ። ፈተና ላይና ሥራ ማመልከቻ ላይ ግን አትሞክሩት።

ሌሎቹ ቀለል ይላሉ። «ራይዝ፣ ሮዝ፣ ሪዝን»፤ «ሬይዝ፣ ሬይዝድ፣ ሬይዝድ»። «ፎል፣ ፌል፣ ፎለን» መውደቅ፤ «ፊል፣ ፌልት፣ ፌልት» መሰማት።

ደረጃ 9፦ የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ቆይታችሁ ተፈተኑ

ለእያንዳንዱ ግስ በእናንተ ሕይወት እውነት የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ ግሱን ሸፍኑትና ደብተሩን ዝጉት። ከሦስት ቀን በኋላ ክፈቱና ሙሉት። በዚያው ቀን መፈተን አያዋጣም፤ ገና ዓይናችሁ ላይ ስላለ የገባችሁ ይመስላችኋል።

ማስጠንቀቂያ

- ሁለቱንም ግሶች በአንድ ቀን አዲስ አድርጋችሁ አትሸምድዱ። ጎን ለጎን የገቡ ሁለት እንግዳ ቃላት እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። አንዱን በደንብ ያዙ፣ ሌላውን ከቀናት በኋላ አምጡ።
- የትርጉም መተግበሪያ «ናፈቅሽኝ»ን አስተካክሎ ሊሰጣችሁ ይችላል። ባለቤቱ መገልበጡን ግን አይነግራችሁም። ለማረጋገጫ ተጠቀሙበት፣ መጀመሪያ ራሳችሁ ከጻፋችሁ በኋላ።
- ሰዋስው ማረሚያም «ዩ ሚስድ ሚ»ን ያሳልፈዋል። የተሳሳተው ሐሳቡ ነው፣ አጻጻፉ አይደለም።

በየጊዜው የማያቸው ስህተቶች

- «ኤክስፕሌይን ሚ»። «አስረዳኝ» ላይ ያለችው «ኝ» ናት። «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» በሉ። እንደ «ሴይ» «ቱ»ን ይፈልጋል።
- «ዲስከስ አባውት»። «ስለ» ከሚለው የመጣ ነው። «ዲስከስ» ርዕሱን በቀጥታ ይቀበላል። «አባውት» የሚሄደው ከ«ቶክ» ጋር ነው።
- «አይ ለርንድ ፎር ዘ ኤግዛም»። ለፈተና ማጥናት «ስተዲ» ነው። «ለርን» ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ የቀረውን ነው የሚናገረው። ብዙ «ስተዲ» አድርጎ ምንም «ለርን» ያላደረገ ሰው ሞልቷል።
- «ሊስን ሚ»። «ቱ» ተረስታለች።
- «ማይ ማዘር ግሩ ሚ»። ልጅ «ሬይዝ» ይደረጋል ወይም «ብሪንግ አፕ»። «ግሮው» ተቀባይ ሲኖረው ብዙ ጊዜ ለተክል ወይም ለጢምና ለፀጉር ነው።

መለማመጃ

መልሱን ሳታዩ የእንግሊዝኛውን ግስ ብቻ ጻፉ፣ በትክክለኛው ጊዜ።

1. ብዕርህን አውሰኝ።
2. እንደምትመጣ ነገረችኝ።
3. 2 ለ 1 አሸነፍናቸው።
4. ነገ እንድደውል አስታውሰኝ።
5. ባቡሩ አመለጠኝ።
6. መነጽር አድርጋለች።
7. በጣም ናፍቀሽኛል።
8. ተማሪው እጁን አወጣ።
9. ሌሊቱን ሙሉ ስንጫወት አደርን (የሚናገሩት ሁለት የቆዩ ጓደኛሞች ናቸው)።

መልስ፦ 1 «ሌንድ»፤ 2 «ቶልድ»፤ 3 «ቢት»፤ 4 «ሪማይንድ»፤ 5 «ሚስድ»፤ 6 «ኢዝ ዌሪንግ»፤ 7 «ሚስ»፤ 8 «ሬይዝድ»፤ 9 «ቶክድ»።

3ኛውንና 8ኛውን የሳተ ወደ ደረጃ 3 ይመለስ። 1ኛው ላይ የቆመ ቀስቱን እንደገና ይሳል። 7ኛው ላይ ግሱን ብታገኙትም ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ጻፉና ፊት ላይ ማን እንዳለ እዩ፤ «ዩ» ካለ ደረጃ 4ን ከሀ ጀምራችሁ ድገሙት።